ሞተሩ ሳይሆን ቤንዚኑ ሲሞት፤ በወላይታ ለወራት ስለሚቀመጡ ትናንሽ ሞተሮች አጭር ማብራሪያ

መግቢያ

በወላይታ ቆላ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። እርሻው በሁምቦ ወረዳ በሐመሳ ወንዝ አጠገብ ነው። ኅዳር ሲገባ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኙን ከመደብ ነቅሎ ወደ ማሳው አዛውሯል። ዝናሙ ቆሟል፤ እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግኙ በሕይወት የሚቆየው በውሃ መሳቢያው ሞተር ብቻ ነው። ገበሬው ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ደኅና ሲሠራ የነበረውን ሞተር ካስቀመጠበት ጥግ አውጥቶ፥ አቧራውን አራግፎ፥ የማስነሻውን ገመድ ይስባል። ሞተሩ አይነሣም። ደጋግሞ ይስባል፤ ክንዱ ይዝላል እንጂ ሞተሩ አይነሣም። ጎረቤት ይጠራል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ይወለወላል፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ ሞተሩ በሞተር ብስክሌት ላይ ታስሮ ወደ ሶዶ ጋራዥ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አምስት ስድስት ቀን ያልፋል፤ ሥሩ ገና መሬት ያልያዘ ችግኝ ደግሞ በቆላ ፀሐይ አምስት ስድስት ቀን ያለ ውሃ አይቆይም።

እንዲህ ያለው ነገር በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ «ሞተሩ ሞተ» ይላል። ዳሩ ግን ተፈትቶ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ ደኅና ነው፤ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል፤ ዘይቱም አልጎደለም። የሞተው ሞተሩ ሳይሆን በውስጡ ሰባት ወር የተቀመጠው ቤንዚን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ብልሽት እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳትና እንዴት እንደሚከለከል ማሳየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ብልሽቱ የሚከለከለው በኅዳር ሳይሆን በመጋቢት፥ ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሚሠራበት ቀን ነው፤ የሚጠይቀውም የሩብ ሰዓት ሥራ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ሀ) ስለ አገሩና ስለ ወራቱ

የወላይታ ዞን ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው የሶዶ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ፥ በምሥራቅ ወደ ቢላቴ ወንዝ፥ በምዕራብም ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ አገሩ ቆላ እየሆነ ይሄዳል። ደጋውና ወይናደጋው በእንሰት፥ በጎደሬና በስኳር ድንች ሲኖር፥ ቆላው ውሃ ካገኘ አትክልትና ሙዝ ያበቅላል። የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ እርዳታ ሥራውን በጀመረበት ዘመን ከደጋው የወረዱ ገበሬዎችን በአበላ ቆላ ማስፈሩ የሚታወስ ነው። በዚያ አገር መሬቱ ሰፊ ሲሆን የሚጎድለው ውሃ ነው፤ ወንዙ ከማሳው በታች ስለሚፈስም ሞተር ያስፈልጋል።

በወላይታ ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግና በክረምት። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይቆምና እስከ የካቲት ወይም መጋቢት ድረስ በጋ ይሆናል። ስለዚህ የመስኖ ሞተር የሚሠራው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ሰባት ወር የዕረፍት ጊዜው ነው። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ችግር የሚወራው በሣር ማጨጃ ሞተር ላይ ነው፤ በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ማጨጃው በብርዱ ወራት ሥራ ይፈታልና። በእኛም አገር በኮሌጅና በሆስፒታል ግቢዎች የሣር ማጨጃ ሞተሮች አሉ። የሚያስገርመው ግን ማጨጃው በክረምት ሠርቶ በበጋ ሲያርፍ፥ የውሃ መሳቢያው በበጋ ሠርቶ በክረምት ያርፋል። ወራታቸው የተገላቢጦሽ ይሁን እንጂ ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመማቸውም አንድ ነው።

ይህ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር፥ በአየር የሚቀዘቅዝ፥ በገመድ ስቦሽ የሚነሣ የቤንዚን ሞተር ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ጂ ኤክስ የተባሉትን ባለ አራት ምት ሞተሮች እ. ኤ. አ. በ1983 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይኸው ንድፍ በብዙ ፋብሪካዎች እየተቀዳ በዓለም ተሰራጭቷል። ለምሳሌ ጂ ኤክስ 160 የተባለው የሲሊንደሩ ይዘት 163 ሲ. ሲ.፥ የቤንዚን ቋቱም ይዘት 3.1 ሊትር ነው። ከዚህ በታች ለምናቀርበው ስሌት ይህን መጠን እንወስዳለን።

ለ) ቤንዚን እንዴት ይበላሻል?

ቤንዚን እንደ ውሃ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ከ4 እስከ 12 የካርቦን አቶም ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ከነዚህ ቀላሎቹ በ30ና በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲፈሉ፥ ከባዶቹ 200 ዲግሪ እስኪደርስ ይቆያሉ። ቀዝቃዛ ሞተር በመጀመሪያው ስቦሽ የሚነሣው በቀላሎቹ ኃይል ነው፤ ቶሎ ወደ ትነት ተለውጠው ከአየር ጋር የሚቀላቀሉት እነሱ ናቸውና። ቤንዚን ሲቀመጥ አስቀድመው የሚያመልጡትም እነዚሁ ናቸው። በተለይም በሶዶ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ይበልጥ በቀላሉ ይተንናል። ይህ የመጀመሪያው ብልሽት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። በቤንዚን ውስጥ ካሉት ሃይድሮካርቦኖች አንዳንዶቹ ከአየር ኦክሲጅን ጋር የመዋሐድ ጠባይ አላቸው። ሲዋሐዱም ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይረዝማሉ፤ ይከብዳሉ፤ በመጨረሻም ከፈሳሹ ተለይተው እንደ ሙጫ ይሆናሉ። ይህን ለመረዳት የተልባ ዘይትን ማሰብ ይበቃል። የተልባ ዘይት በእንጨት ላይ ቢቀባ ከጥቂት ቀን በኋላ የማይለቅ ቆዳ ሆኖ ይደርቃል። የደረቀው ውሃ ስለተነነ አይደለም፤ ከአየር ኦክሲጅን ስለወሰደ ነው። ያረጀ ቤንዚን የቫርኒሽ ሽታ የሚሸተው፥ ቀለሙም ወደ ቡናማ የሚያዘነብለው ተመሳሳይ ነገር ስለሚደርስበት ነው።

ይህን ሥራ የሚያፋጥኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብልሽቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በሶዶ ቀዝቃዛ ጎተራ ውስጥ የሚቆይ ቤንዚን በአበላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሚቆየው ይልቅ ዕድሜ አለው። ሁለተኛው አየር ነው፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ዕቃ ለቤንዚኑ የሚበቃ ኦክሲጅን ይዟል። ሦስተኛው መዳብና መዳብ ያለበት ብረት ነው፤ የካርቡሬተር ጥቃቅን ዕቃዎች ብዙዎቹ ደግሞ መዳብ ካለበት ቢጫ ብረት የተሠሩ ናቸው።

የነዳጅ ኩባንያዎች ይህን ስለሚያውቁ ብልሽቱን የሚያዘገይ መድኃኒት በጥቂቱ ይጨምራሉ። ደግሞም ቤንዚን ከመሸጡ በፊት ይመረመራል። በታወቀው የምርመራ ዘዴ 50 ሚሊ ሊትር ቤንዚን በሞቃት አየር እንዲተን ይደረግና በሥሩ የቀረው ሙጫ ይመዘናል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያዘገያል እንጂ ለዘለዓለም አይከላከልም። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ቤንዚን ሁሉ ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በመርከብ፥ በጅቡቲ ማጠራቀሚያ፥ ከዚያም ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ መኪና ተጉዞ ነው ሶዶ የሚደርሰው። ገበሬው በገዛው ቀን «አዲስ» የሚለው ቤንዚን ከዕድሜው ጥቂቱን በመንገድ ጨርሷል ማለት ነው።

ሐ) የጽዋው ነገር፤ አንድ ትንሽ ስሌት

ከቋቱ የሚወርደው ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር አይገባም። አስቀድሞ በካርቡሬተር ሥር ባለች ትንሽ ጽዋ ውስጥ ይጠራቀማል። የጽዋዋ ይዘት 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በውስጧ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ቤንዚኑ ከጽዋዋ ወደ ሞተሩ የሚሳበው ስፋቷ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነች፥ የልብስ መርፌ እንኳ በግድ በሚገባባት ቀዳዳ ነው። የሞተሩ ጤና በዚህች ቀዳዳ ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ሞተሩ በመጋቢት መጨረሻ ጠፍቶ፥ የቤንዚኑ መዝጊያ ሳይዘጋ እንደ ተቀመጠ እናስብ። ጽዋዋ አየር የምታገኝበት ትንሽ መተንፈሻ ስላላት በውስጧ ያለው ቤንዚን ቀስ በቀስ ይተንናል። ሲጎድል ተንሳፋፊው ዝቅ ይላል፤ መግቢያው ይከፈታል፤ ከቋቱ ሌላ ይወርድና ይተካል። ያም ይተንናል፤ እንደገና ይተካል። የሚተንነው ግን ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው፤ ሙጫው አይተንም። ስለዚህ ጽዋዋ እንደ ጨው ማፍያ ድስት ትሆናለች፤ ውሃው እየሄደ ጨው እየቀረ እንደሚከማች ሁሉ ቤንዚኑ እየሄደ ሙጫው ይከማቻል።

በቁጥር እንመልከተው። ቤንዚኑ ገና አዲስ ሆኖ በሕጉ የመጨረሻ ወሰን፥ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ሙጫ አለው እንበል። መዝጊያው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በጽዋዋ ውስጥ የሚቀረው ከ50 ሚሊ ሊትር የሚገኘው 2.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። መዝጊያው ክፍት ሆኖ የቋቱ 3 ሊትር በሙሉ በጽዋዋ በኩል ቢያልፍ ግን የሚከማቸው 150 ሚሊ ግራም ነው፤ ይኸውም 60 እጥፍ ነው። ያችን ቀዳዳ ለመድፈን የሚበቃው ሙጫ አንድ ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ፥ ይህ መጠን ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላል። እርግጥ ነው፥ ሙጫው ሁሉ በቀዳዳዋ ላይ አያርፍም፤ አብዛኛው በጽዋዋ ግድግዳና በተንሳፋፊው ላይ ይለጠፋል። ከቋቱም የሚወርደው ሁሉም ባይሆን ግማሹ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከመቶ አንዱ እጅ እንኳ በቀዳዳዋ ቢያርፍ ሞተሩ አይነሣም። ደግሞም ይህ ስሌት የአዲስ ቤንዚን ነው፤ ሰባት ወር የቆየው ከዚህ እጅግ የበዛ ሙጫ አለው።

እንግዲህ ከዚህ ስሌት የምንማረው ግልጽ ነው። መዝጊያውን መዝጋት ብቻ ጉዳቱን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ ጽዋዋን ባዶ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ ያስቀረዋል። በባዶ ጽዋ ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለምና።

መ) ስለ ውሃና ስለ ቅልቅል

ብዙ ሰዎች ሞተር ሲቀመጥ ቋቱ በሌሊት ቅዝቃዜ ውሃ ያዥጎደጉዳል ይላሉ። በስሌት ሲታይ ግን ይህ ትንሽ ነው። ቋቱ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ከይዘቱ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ፥ በዚህ መንገድ በሰባት ወር የሚጠራቀመው ውሃ ከጥቂት ጠብታ የሚበልጥ አይመስለንም። ውሃው የሚመጣው ከሌላ ነው፤ ክዳኑ ያልጠበቀ ሞተር በዝናም ሲቀር፥ ታጥቦ ሳይደርቅ ቤንዚን ከተቀዳበት ጀሪካን፥ ውጭ ከሚቆም በርሜል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደ ሥር ይወርዳል፤ የጽዋዋ ቀዳዳም ያለችው በሥር ነው። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ሞተሩን ለማስቆም ይበቃል።

ከአልኮል ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ጠባዩ ልዩ ነው። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ቅልቅሉ ከመቶ 5 ሆኖ ተጀምሮ በኋላም ወደ ከመቶ 10 ከፍ ብሎ ነበር። አልኮል ውሃን ይስባል፤ ከመቶ 10 አልኮል ያለበት ቤንዚን ከመቶ ግማሽ ያህል ውሃ ተሸክሞ ይቆይና ከዚያ ሲያልፍ አልኮሉና ውሃው አብረው ወደ ሥር ይወርዳሉ። ቤንዚን አልኮል እንዳለበት ማወቅ የሚፈልግ ሰው በጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ከፍታውን ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ቤንዚን ጨምሮ ይነቅንቅና ያቁመው። የሥሩ ውሃ ከምልክቱ በላይ ከወጣ አልኮል አለ ማለት ነው።

በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ሌላ አደጋ አለው። ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ነጭ ጋዝ መፍላት የሚጀምረው 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ቀዝቃዛ ሞተርን አያስነሣም፤ ቢነሣም ያጨሳል። በነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ጠብታ ማድረግ ይበቃል፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል፤ ያረጀው ደግሞ ቢጫ የሚጣበቅ ክብ ይተዋል።

ሠ) ናፍጣስ?

በገጠር ከተሞች ያሉ የእህል ወፍጮዎችና ከፍ ያሉ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በናፍጣ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ሲገባ የናፍጣው ሞተር ለክፉ ቀን ተብሎ ይቀመጣል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አይነሣም። የናፍጣ ጠላት ትነት ሳይሆን ውሃ ነው። በቋቱ ሥር ውሃ ሲጠራቀም በውሃውና በናፍጣው መካከል ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ ከናፍጣው ምግባቸውን፥ ከውሃው ሕይወታቸውን ያገኛሉ። የሚወልዱት ጥቁር አተላ ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ የናፍጣ ቋት ሞልቶ መቀመጥ፥ ከሥሩም ያለው ውሃ በየጊዜው መፍሰስ አለበት። ሞተሩንም በወር አንድ ጊዜ ሥራ እያሸከሙ ጥቂት ማሠራት ይጠቅማል።

ረ) ምን ማድረግ ይገባል?

የመጨረሻው የውሃ ማጠጫ ቀን ሲደርስ ገበሬው የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ነው።

1ኛ/ ሞተሩ ገና እየሠራ፥ የመሳቢያው ቱቦም ከወንዙ ሳይወጣ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጋ። ሞተሩ በጽዋዋ ያለውን ጨርሶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆማል። ቱቦው ከወንዙ መውጣት የሌለበት ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር የውስጥ ማጥበቂያው ስለሚቃጠል ነው።

2ኛ/ ከጽዋዋ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ የቀረውን ጠብታ ያፍስስ፤ መልሶም ይጠብቅ።

3ኛ/ ከቋቱ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በንጹሕ ጀሪካን ገልብጦ በዚያው ሳምንት በባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ወይም በባጃጅ ይጠቀምበት፤ ወይም ለሚጠቀም ሰው ይሽጥ።

4ኛ/ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ያገለገለውን ዘይት ይቀይር፤ በአሮጌ ዘይት ውስጥ ብረትን የሚበላ አሲድ አለና።

5ኛ/ ካንዴላውን ፈትቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ያንጠባጥብ፤ ገመዱን ቀስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳብ፤ ካንዴላውንም ይመልስ። ከዚያ ገመዱ ከብዶ እስኪይዝ ድረስ ይሳብና ይተው፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ቫልቮች ስለሚዘጉ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

6ኛ/ በፓምፑ ሆድ ያለውን ውሃ ያፍስስ፤ ሞተሩንም በእንጨት ላይ አስቀምጦ በደረቅ ቦታ ይሸፍነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት፥ በብዙ ማደያም ያለ ደብዳቤ በጀሪካን በማይቀዳበት ጊዜ ገበሬው ያለውን አፍስስ ማለት ከኑሮው የራቀ ምክር ይመስላል። እውነት ነው፤ ማከማቸቱ ስንፍና ሳይሆን ዕጦት የወለደው ጥንቃቄ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ቤንዚኑን ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በሞተሩ ውስጥ አይቀመጥ። ለቤንዚን ተብሎ በተሠራ፥ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ፥ ሙቀት ለሚጨምርበት ጥቂት ባዶ ቦታ ብቻ ተትቶ፥ በጥላ ይቀመጥ፤ የተገዛበትም ቀን ይጻፍበት። እንዲህ የተያዘ ቤንዚን በጽዋ ውስጥ ከቀረው ይልቅ ብዙ ይቆያል። በኅዳርም ቢሆን አስቀድሞ በወረቀት ተፈትኖ፥ ከአዲስ ጋር ተቀላቅሎ ቢሠራበት ይሻላል። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን ግን ለዚህ አይበጅም፤ ብርሃን ያስገባል፤ በሥሩም የቀረው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ በወለል ላይ እንደ ውሃ እየተሳበ ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል። ስለዚህ ምድጃ በሚነድበት ቤት ውስጥ ሞተርም ሆነ ጀሪካን ማሳደር ቤትን በፈቃድ ለእሳት መስጠት ነው። በውሃ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚንም ሕፃን ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው ሊታሰብበት ይገባል።

ሰ) የታመመው ሞተር እንዴት ይድናል?

ጥንቃቄው ሳይደረግ ኅዳር ቢደርስ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አሮጌውን ቤንዚን ከቋቱም ከጽዋውም ማፍሰስ፤ ጽዋዋን ፈትቶ ማጽዳት፤ ቀዳዳ ያላትን ብሎን አውጥቶ በካርቡሬተር ማጽጃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ ከዚያ በአየር መንፋት ነው። ወደ ብርሃን አዙሮ ሲመለከቱ ቀዳዳዋ ፍጹም ክብ ሆና መታየት አለባት። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ቀዳዳዋን በብረት ሽቦ መጎርጎር ነው። ብሎኗ ለስላሳ ብረት ስለሆነች ሽቦው ቀዳዳዋን ያሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ያባክናል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። በሽቦ ፈንታ አንድ ቀጭን የናይለን ክር ይበቃል። የፈሰሰውም አሮጌ ቤንዚን ከብት በሚጠጣበት ወንዝና በምንጭ አጠገብ እንዳይደፋ መጠንቀቅ ያሻል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የትናንሽ ሞተሮች ብልሽት አብዛኛው ከሞተሩ አሠራር ሳይሆን ካቀማመጡ የሚመጣ ነው። አንዲት የልብስ መርፌ የምታህል ቀዳዳ የአንድ ቤተ ሰብን የበጋ ምርት ልታስቀር ትችላለች፤ መዝጊያዋን በጊዜ መዝጋት ደግሞ ምርቱን ያድናል። ይህ ዕውቀት ከባድ አይደለም፤ የጎደለው በጊዜው ለገበሬው መድረሱ ነው። ሞተር ሲሸጥ ስለ አነሣሡ ይነገራል እንጂ ስለ አቀማመጡ የሚናገር ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ ተማሪዎች ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። በሶዶ የእርሻ ኮሌጅ አለ፤ ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። በየዓመቱ በመጋቢት አጋማሽ አንድ የገበያ ቀን መርጦ፥ አንድ ሞተር አቅርቦ ስድስቱን ሥራዎች በወላይትኛ እየተናገሩ ማሳየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለምርምር የሚፈልግም ቢኖር ርእሱ ቅርብ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ካርቡሬተሮችን ወስዶ አንዱን መዝጊያው ክፍት ሆኖ፥ ሁለተኛውን ጽዋው ባዶ ሆኖ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ማስቀመጥ፤ አንዱን ጥንድ በሶዶ፥ ሌላውን ጥንድ በአበላ ማድረግ፤ በመጨረሻም የቀረውን ሙጫ በላቦራቶሪ ሚዛን መመዘን ነው። እኛ በስሌት ያቀረብነውን እነሱ በሚዛን ያረጋግጡታል፤ ወይም ያርሙታል።

እስከዚያው ድረስ ግን ገበሬው የኛን ሚዛን መጠበቅ አያስፈልገውም። ሞተሩ በመጋቢት ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ መዝጊያውን ይዝጋ፤ በራሱ እስኪቆም ይጠብቅ። በኅዳር ገመዱን ሲስብ ምክንያቱን ያየዋል።